የኢንፍራሬድ ብዕር፦ ዲጂታል ሰሌዳን በርካሽ የመሥራት መንገድ

በፕሮጀክተር ሰሌዳ ላይ ያረፈን ምስል በብዕር እየነኩ መጻፍ፣ መሣልና ገጽ መግለጥ የሚያስችሉ ዲጂታል ሰሌዳዎች ከ30 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። የካናዳው ስማርት ቴክኖሎጂስ የመጀመሪያ ሰሌዳውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። አሠራራቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሰሌዳ ሲጫኑት የሚነካኩ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉት፤ አንዳንዱ ልዩ ብዕሩን በኤሌክትሮማግኔት ይከታተላል፤ ሌላው ዳር ዳሩ ላይ በተተከሉ ካሜራዎች ወይም የጨረር መስመሮች ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ዋጋቸው ከሺህ ዶላር በላይ በመሆኑ አቅም ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ሩቅ ሆነው ቆይተዋል።

ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 የታየ ሐሳብ ነው። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ጆኒ ቹንግ ሊ፣ በወቅቱ 40 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረውን የኒንቴንዶ ዊ ጨዋታ ሪሞት ወደ ዲጂታል ሰሌዳ ለወጠው። ሪሞቱ ፊት ላይ ያለው ካሜራ የሚያየው ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ታህተ ቀይ ጨረርን ብቻ ነው። እስከ 4 የሚደርሱ የብርሃን ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ተከታትሎ ቦታቸውን በብሉቱዝ ለኮምፒውተር ይነግራል። ስለዚህ የብዕሩ ድርሻ አንድ ብቻ ነው፤ ሰሌዳውን በነካበት ቦታ ዓይን የማያየውን ብርሃን ማብራት።

ለብዕሩ የሚያስፈልጉት 940 ናኖሜትር አካባቢ የሚያበራ የኢንፍራሬድ ኤልኢዲ፣ ሲጫኑት ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ፣ አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይና ቀለሙ ያለቀ የማርከር ቀፎ ናቸው። ኤልኢዲው ከተበላሸ የቴሌቪዥን ሪሞት ተነቅሎ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ብርሃኑን ሰፋ አድርጎ የሚበትን ቢሆን ይመረጣል። ሦስቱ የኤሌክትሪክ ክፍሎች በተከታታይ ይበየዳሉ፤ የኤልኢዲው ረጅሙ እግር ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ይዞራል። 100 ሚሊ አምፔር ሲያልፍበት 1.35 ቮልት ገደማ የሚወስድ ኤልኢዲ ከአንድ ድንጋይ ጋር ያለ ሬዚስተር ይሠራል። ሁለት ድንጋይ ከሆነ ግን ቀሪውን 1.65 ቮልት የሚይዝ 18 ኦም ሬዚስተር መጨመር ግድ ነው፤ አለዚያ ኤልኢዲው ይቃጠላል። ማብሪያው በብዕሩ ጎን ቢሆን ለመሥራት ይቀላል፤ በጫፉ ቢሆን ደግሞ ሰሌዳውን ሲነካ ራሱ ስለሚበራ ለመጻፍ ይመቻል። ሥራው ሲያልቅ የሞባይል ካሜራ ወደ ጫፉ ይደገንና ማብሪያው ይጫናል፤ በስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ብርሃን ከታየ ብዕሩ ሠርቷል። አንዳንድ ካሜራዎች ኢንፍራሬድን በማጣሪያ ስለሚያግዱ አልታይ ካለ በሌላ ስልክ መሞከር ይገባል። ጨረሩ ለዓይን ስለማይታይ ኤልኢዲውን በቅርበት ትኩር ብሎ ማየት አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው ለዚህ በተሠራ ሶፍትዌር ብዕሩን ከኮምፒውተሩ ጋር ማስማማት ነው። ተጠቃሚው በምስሉ አራት ማዕዘኖች ላይ የሚታዩትን ምልክቶች በብዕሩ ተራ በተራ ይነካል። ሶፍትዌሩም የሪሞቱ ካሜራ ከጎን ሆኖ አዛብቶ ያየውን አራት ማዕዘን ከስክሪኑ ጋር ያዛምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ብዕሩ እንደ ማውስ ያገለግላል። ካሜራው ከፍ ብሎ ወደ ጎን ቢቀመጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም የጸሐፊው ትከሻ ወይም እጅ ጨረሩን ከጋረደ መስመሩ ይቆረጣል። ቀጥታ የገባ የፀሐይ ብርሃንና የክር አምፖልም ኢንፍራሬድ ስላላቸው ካሜራውን ያደናግራሉ፤ መጋረጃ መዝጋት ብዙውን ጊዜ ችግሩን ይፈታል።

ዘዴው ገደብም አለው። ጣት ብቻውን አይጽፍም፤ የብዕር ግፊት ጥንካሬም አይለካም። ዘግይተው የወጡ አንዳንድ የዊ ሪሞቶች ከኮምፒውተር ጋር መገናኘት ያስቸግራቸዋል። አማራጩ ኢንፍራሬድን የሚከለክለው ማጣሪያ የወጣለት የኮምፒውተር ካሜራ ነው፤ በምትኩ የሚታየውን ብርሃን የሚጋርድ፣ ብርሃን መትቶት የታጠበ ጥቁር የፎቶ ፊልም ሌንሱ ፊት ይደረጋል።

ይህ ብዕር የፋብሪካ ሰሌዳን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ለዕለት ትምህርት ግን ይበቃል። ትልቁ ጥቅሙም ከሥራው የሚገኘው ትምህርት ነው፤ የኤሌክትሪክ ዑደት፣ የማይታይ ብርሃንና ጂኦሜትሪ በአንድ ማርከር ቀፎ ውስጥ ይገናኛሉ። ፕሮጀክተርና ኮምፒውተር ባለበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ የሳይንስ ክበብ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ይህን ብዕር በገዛ እጃቸው እንዲሠሩት ዕድሉን ስጧቸው።