የነፋስ ወንፈል

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከተማው ገና ከእንቅልፉ ሳይላቀቅ፣ በአዲሱ ገበያ የሚሰለፉት ሚኒባሶችም ወያላቸው ጉሮሮውን ሳያሟሽ፣ በአንድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ሰባት ስምንት ሰዎች የራስ ቁር ደፍተው፣ ከጉልበት በላይ በሚቀር ጥቁር ሱሪ ተወጥረው፣ እያንዳንዳቸውም ቀጭን ብስክሌት በወገባቸው ደግፈው ሲጠባበቁ የሚያይ መንገደኛ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዛሬ ውድድር አለ እንዴ?»

የለም። ዳኛም፣ ሽልማትም፣ የመጨረሻ መስመርም የለም። ያለው ጉዞ ነው፤ ይኸውም የአንድ ቡድን ባልንጀሮች ሳምንቱን በየሥራቸው ተበታትነው ከሰነበቱ በኋላ፣ እሑድን ለቅዳሴ ትተው ቅዳሜን በመምረጥ፣ እንጦጦን ተሻግረው ወደ ሱሉልታ፣ ጉልበት የተረፋቸው ዕለትም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እስከምትገኘው እስከ ጫንጮ ዘልቀው፣ ሻይ ጠጥተው የሚመለሱበት ጉዞ ነው። ከውጭ ለሚመለከተው የሥራ ፈቶች ጨዋታ የሚመስለው ይህ ነገር፣ ወደ ውስጥ ለገባ ሰው የራሱ ሕግና የራሱ ሥርዓት ያለው ማኅበር ስለ ሆነ፣ እኔም ከአባላቱ እንደ አንዱ፣ ያውም ከደካሞቹ እንደ አንዱ፣ ለአንባቢ ላስተዋውቀው ወደድሁ።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። የመንገድ ብስክሌት የሚባለው፣ በየሰፈሩ ለልጆች በሰዓት ከሚከራየው ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌት ጋር ስሙን እንጂ ጠባዩን አይጋራም። የጎማው ስፋት 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር፣ ማለት ከአውራ ጣት ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ በውስጡ የሚታመቀው አየር ግን ግፊቱ ከመኪና ጎማ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ በጥፍር ሲመቱት እንደ እንጨት ይጮኻል። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘው ለጌጥ ሳይሆን፣ ጋላቢው ሲሻው ቀና ብሎ፣ ነፋስ ሲበረታበትም ጎንበስ ብሎ እንዲይዘው ነው። ውድድሩን በዓለም ላይ የሚያስተዳድረው ማኅበር ክብደቱ ከ6.8 ኪሎ ግራም ያነሰ ብስክሌት ወደ ውድድር እንዳይገባ ደንግጓል፤ የእኛዎቹ ግን ይህ ድንጋጌ የሚያሰጋቸው አይደሉም፤ ከፊሎቹ በውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ ተፈታትተው የገቡ፣ ከፊሎቹም ከሦስት አሮጌ ብስክሌት አጥንት ተለቃቅመው የተሠሩ ናቸውና። የአካላቱን ስም ደግሞ ከጣሊያን ወርሰናል። ቸርኬ፣ ካቴና፣ ጎማ አዳሹንም ጎሚስታ እንላለን። ፔዳሉን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ሰንሰለትና ፖሊስ የሰው እጅ የሚያስርበት ብረት ሁለቱም ካቴና መባላቸው ለምን እንደሆነ፣ ዳገት መካከል የደረሰን ጋላቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጫማውም ከፔዳሉ ጋር ይቆለፋል። በእግር ወደ ታች መግፋት ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ መሳብም እንዲቻል ተብሎ የተፈጠረ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዝዞ መፍታትን ገና ያልለመደ አዲስ ገቢ፣ ቀይ መብራት ላይ በክብር ከቆመ በኋላ፣ ታክሲ ጠባቂው ሁሉ እያየው፣ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቀስ ብሎ በጎኑ ይወድቃል። ይህ ያልደረሰበት ሰው በመካከላችን የለም። ስለዚህም ጀማሪዎችን ከቅዳሴ መልስ የምናለማምደው «መንገድ ለሰው» በሚባለው፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አንዳንድ የከተማው ጎዳናዎች በእሑድ ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለሕዝብ በሚለቀቁበት ቀን ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። ብስክሌትን እንደ ውድድር በዚህ በእኛ የአፍሪካ ክፍል የተከሉት ጣሊያኖች ሲሆኑ፣ ሥሩም በአስመራ ጸንቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ሲሆን፣ የዚያን ዕለቱ የጎዳና ውድድር ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ነበረ። የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም በ2016 ዓ.ም. በዚያው ውድድር በሦስት ቀኖች ቀዳሚ ሆኖ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። እኛ ከእነዚህ ጋር የምንገናኘው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ነፋስ ነው።

ወደ ነፋሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ዳገቱ አለ። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ እንጦጦን የሚሻገረው የጎጃም መንገድ፣ ገና እግር ሳይሞቅ የሚጀምር ዳገት ስለሆነ፣ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ተጫውተው የተነሡ ባልንጀሮች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እያንዳንዳቸው እንደ መናኝ ዝም ብለው ለየራሳቸው ይቀራሉ። በዳገት ላይ ጠላት ነፋስ ሳይሆን ክብደት ነው፤ የራስንም ክብደት ሌላ ሰው ሊሸከምልህ አይችልም። በስተግራ ሲኖትራክ ጥቁር ጢሱን እየተፋ ያልፋል፤ በስተቀኝ ጀርባቸው እስኪጎብጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። እኛ ለጨዋታ የምንወጣውን ዳገት እነርሱ ለእንጀራ እንደሚወርዱት ሳስብ፣ ድካሜን በአፌ ለመናገር አፍራለሁ።

ብርቱዎቹ ቀድመው ይወጣሉ፤ አይከለከሉም። ከዳገቱ ራስ ላይ ግን ቆመው ይጠብቃሉ። የማኅበራችን ቀዳሚ ሕግ ይህ ሲሆን፣ በውድድርና በጉዞ መካከል ያለውም ልዩነት እዚሁ ላይ ይታያል፤ በውድድር ወደ ኋላ የቀረ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው፣ በጉዞ ግን የኋለኛው ሰው የሁሉም ጉዳይ ነው። የመጨረሻው ሰው ደርሶ እስኪተነፍስ ድረስም መንቀሳቀስ ነውር ነው። እርሱ ሲደርስ እኛ ዐርፈን ስለምንነሣ፣ ከሁሉ ያነሰ ዕረፍት የሚያገኘው ከሁሉ ይልቅ የደከመው ሰው እንዳይሆን፣ ጋሼ ብለን የምንጠራቸው የመንገድ አለቃችን ሰዓታቸውን እያዩ «ገና ነው» ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል። በመስከረም አደይ አበባ የሚለብሰው፣ በበጋ የድርቆሽ ክምር የሚታይበት ይህ ሰፊ ሜዳ ለዐይን ደስ ያሰኛል፤ ለጋላቢ ግን የፈተና ስፍራ ነው፣ ነፋሱን የሚጋርድ ነገር የለምና። ነፋስ ስል ከሰማይ የሚነፍሰውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ጸጥ ባለ ቀን እንኳ ጋላቢው ራሱ አየሩን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር የአየሩ ተቃውሞ 4 እጥፍ፣ ከእግሩ የሚጠየቀውም ኃይል 8 እጥፍ ይሆንበታል። ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጋልብ ሰው ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚያጠፋው አየርን በመግፋት ነው። ከሌላው ሰው ጀርባ ተጠግቶ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ርቀት ብቻ ትቶ የሚከተል ሰው ግን፣ ፊተኛው በከፈተለት ጎዳና ስለሚገባ፣ ከድካሙ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው ይቀርለታል። ይህን በደረቱ ያልቀመሰ ሰው አያምነውም፤ በድንገት አንድ በር የተዘጋ ይመስል የጆሮ ጩኸት ጸጥ ይላል፣ እግርም ይቀላል።

እንግዲህ የማኅበሩ ምሥጢር ይህ ነው። ገበሬ በወንፈል ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን እያለ ጉልበቱን እንደሚበዳደር፣ እኛም ነፋስን እንበዳደራለን። ደቦ ሳልል ወንፈል ማለቴ በከንቱ አይደለም፤ በደቦ የተጠራ ሰው በልቶ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ የወንፈል ሰው ግን ብድር አለበት። አንዱ ሁለት ደቂቃ ያህል ነፋሱን በደረቱ ከተቀበለ በኋላ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ፣ እግሩን አቅልሎ፣ ሰልፉ ሲያልፈው ከመጨረሻው ሰው ጀርባ ይገባል፤ የሚቀጥለውም ተራውን ይረከባል። ሁለት ረድፍ ሆነን ስንሄድማ፣ በማሕሌት ግራና ቀኝ ቆመው ዜማውን የሚቀባበሉትን መዘምራን ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ማሕሌቱን የሚያበላሸው ድምፁን ብቻውን ከፍ የሚያደርግ እንደ ሆነ፣ ሰልፉንም የሚያበላሸው ተራው ደርሶ ፊት ሲወጣ ደስታ ይዞት የሚፈጥነው ነው። ይህ የጀማሪ ሁሉ በሽታ ነው። ከሰው ጀርባ ሆኖ ያጠራቀመውን ጉልበት የራሱ ተፈጥሮ አድርጎ ይቆጥርና ይነዳዋል፤ ከኋላው ያለው ሰልፍም እንደ አሮጌ ክር ይበጠሳል። ጎን ለጎን ሲሄድ ሁልጊዜ ግማሽ ጎማ ያህል የሚቀድም ሰውም አለ፤ ባልንጀራው በይሉኝታ ይስተካከለዋል፣ እርሱ እንደ ገና ይቀድማል፣ ሁለቱም ሳያውቁት ጉዞው እሽቅድምድም ሆኖ ያርፋል።

ስለ አየሩ ከተነሣ፣ አገራችን በዚህ ረገድ በአንድ እጅ ሰጥታ በሌላው የምትነሣ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ጋልቦ ክብረ ወሰን ለመስበር እስከ ሜክሲኮ ከተማ የተጓዘው ይህንኑ የሳሳ አየር ፍለጋ ሲሆን፣ ከተማችን ከዚያች ከተማ እንኳ በከፍታ ትበልጣለች። ለደረት የቀለለው አየር ግን ለሳንባም ያንኑ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ከቆላ የመጣ እንግዳ ፈጥኖ ይሄዳል፣ ነገር ግን ብዙ አይሄድም።

ወደ ሰልፉ ስንመለስ፣ መቀራረቡ አደጋም አለው። ከፊት ያለው ሰው ድንገት ፍሬን አይይዝም፤ ጉድጓድ ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ በጣቱ ያመለክታል፣ የኋለኛው «መኪና!» ብሎ ይጮኻል፣ ቃሉም ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። የፊት ጎማህ ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጋር ጎን ለጎን ከተደራረበና ከተነካካ የምትወድቀው አንተ ነህ፤ እርሱ ምንም አይሆንም። ይህን ለሌሎች ሳስተምር የኖርሁ እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ግን ከድርቆሽ ክምር ላይ የተቀመጠ ንሥር አሞራ እያየሁ ስሄድ፣ እንዴት እንደ ሆነ ሳላውቅ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቼ ራሴን አገኘሁት። ክርኔ ተልጦ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያመመኝ ግን ጋሼ ጠጠሩን ከቁስሌ በውኃ እያጠቡ «አሞራው ደህና ነው?» ማለታቸው ነው።

ጎማ የተነፈሰበት ሰው ቢኖርም ሁሉም ይቆማል። በዚህ መንገድ ላይ ጎማን የሚበሳው አብዛኛውን ጊዜ እሾህ ሳይሆን፣ ከፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ የወጣ፣ ፀጉር የምታህል ሽቦ ናት። የውስጡ ጎማ ወጥቶ ጥቂት ይነፋና ከከንፈር አጠገብ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ከንፈር ከጣት ይልቅ ትንሿን ትንፋሽ ያውቃልና። ቀዳዳው ሲገኝ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ማስቲሽ ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው፣ ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ ልጣፊ አይዝምና። ሽቦዋን ከላይኛው ጎማ ፈልጎ ሳያወጣ አዲስ የውስጥ ጎማ የሚከት ሰውም ከ100 ሜትር በኋላ እንደ ገና ይቆማል። ከየት እንደ መጡ የማይታወቁ እረኞች እስከዚያው ከበውን፣ አንዱ ፓምፑን ለመያዝ ይለምናል፣ ሌላው ደወል የሌለው ብስክሌት ምን ብስክሌት ነው ብሎ ይፈርዳል።

ጫንጮ ስንደርስ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ብስክሌቶቹን አደጋግፈን፣ ከጀርባ ኪሳችን በጨውና በዘይት የተለወሰ የበሶ ጭብጦ እናወጣለን። ፈረንጆች በትንንሽ ከረጢት የሚሸጡትን ጣፋጭ ማር መሰል ነገር የሞከረ ባልደረባ ነበረን፤ ነገር ግን በሶ ረኃብን ቀስ ብሎ ስለሚያስታግስ ተመልሶ መጣ። በዐቢይ ጾምም ቢሆን፣ ከቀዳም ሥዑር በቀር፣ በሰንበት ከእህል ውኃ መከልከል ስለሌለ፣ በሶውም የጾም ምግብ ስለሆነ፣ ቅዳሜን መምረጣችን በዚህም በኩል ጠቅሞናል። አንድ ቀን በአጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ ጫማችንንና ሱሪያችንን ሲመለከቱ ቆይተው፣

«ከየት ናችሁ ልጆቼ?» አሉን።

«ከአዲስ አበባ ነን አባባ።»

«ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

«ሻይ ጠጥተን ልንመለስ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ «እውነት ነው፤ እዚያ ሻይ ተወዷል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ።

በመልሱ ሜዳውን በወንፈላችን አልፈን፣ የእንጦጦን ጀርባ ወጥተን፣ ከተማዋ ከበታች ስትታይ አንድ የቀረ ሥርዓት አለ። በዳገቱ ላብ የራሰ ሰው ያንኑ ደረቱን ለቁልቁለቱ ብርድ ከሰጠ ሳምንቱን ሲያስል ስለሚከርም፣ የጥንት የጣሊያን ጋላቢዎች ያደርጉት እንደ ነበረው፣ ሁላችንም አሮጌ ጋዜጣ አጥፈን ከማልያችን በታች በደረታችን ላይ እናደርጋለን። ጋሼ ጋዜጣውን የሚያከፋፍሉት እንደ ጠበል ጸዲቅ በእጃቸው ቆርሰው ሲሆን፣ ማስታወቂያ የበዛበት ገጽ የደረሰው ሰው ያጉረመርማል። አንድ ቅዳሜ ቤቴ ገብቼ ማልያዬን ሳወልቅ የጋዜጣው ቀለም በላቡ ተለቅቆ በውስጠኛው ጨርቅ ላይ ታትሞ ነበር፤ ፊደል ገና የምትቆጥር ልጄም ማልያውን ወስዳ በመስተዋት ፊት ዘርግታ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ «አባዬ፣ ደረትህ ላይ ‹የሲሚንቶ ዋጋ› ይላል» አለችኝ።