ቃል ከሥፍራዋ ስትለቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የመሥሪያ ቤቶቻችን ሥራ በአማርኛ ይሠራ እንጂ፥ ከውጭ አገር ድርጅቶች ጋር የሚደረገው መጻጻፍ፥ ውሉና ሪፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛን ሰዋስው የሚመለከት ነገር ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት ሠራተኞችም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ፥ ይህችን ጽሑፍ በአንባቢያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምጽፈው ስለ ተውሳከ ግስ ነው፤ ይኸውም ድርጊቱ እንዴት፥ መቼና ምን ያህል እንደተፈጸመ የሚገልጠው ቃል ነው። በሁለተኛ ደረጃ የማስተምራቸው ልጆች የቃሉን ትርጉም ያውቃሉ፤ ፊደሉንም አይስቱም። የሚቸግራቸው የት እንደሚያስቀምጡት ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ይቆጥረዋል። ነገር ግን ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን እንመልከት። «ሂ ፔይድ ኦልሞስት ኦል ዘ መኒ» ያልን እንደሆነ ሰውየው ጥቂት ሲቀረው ገንዘቡን ሁሉ ከፍሏል ማለት ነው። «ሂ ኦልሞስት ፔይድ ኦል ዘ መኒ» ስንል ግን፥ በደንቡ የተነበበ እንደሆነ፥ ሊከፍል ምንም አልቀረውም ነበር፥ ሆኖም አልከፈለም ማለት ነው። በሁለቱም ቃላቱ ስድስት ናቸው፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለም። «ኦልሞስት» የምትባለው ቃል ከኃላፊው ግስ በፊት ስለቆመች ብቻ የተከፈለው ሒሳብ ያልተከፈለ ሆነ። ይህን የሚያነብ የሒሳብ ሹም ምን ብሎ ይመዘግብ?

እንደ እኔ አስተያየት የችግሩ ምክንያት የሁለቱ ቋንቋዎች ጠባይ መለያየት ነው። በአማርኛ ለብቻው የቆመ ተውሳከ ግስ ጥቂት ነው። የድርጊትን ሁኔታ የምንገልጠው አንድም «በጥንቃቄ»፥ «በትጋት» በማለት፥ አንድም «ፈጥኖ»፥ «ደጋግሞ» በማለት ነው። ይህ ሁለተኛው የባለቤቱን ምልክት ይዞ ይሄዳል፤ ፈጥኖ ሄደ፥ ፈጥና ሄደች፥ ፈጥነው ሄዱ እንላለን። የማን እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። የእንግሊዝኛው «ኩዊክሊ» ግን ለእርሱም፥ ለእርስዋም፥ ለእነርሱም ያው ነው። ወገኑ የሚታወቀው በመልኩ ሳይሆን በጎረቤቱ ነው።

ለምሳሌ ስለ አንድ የሥራ ተቋራጭ «ዘ ኮንትራክተር ሁ ዎዝ ዎርንድ ሪፒትድሊ ፌይልድ» ተብሎ ቢጻፍ፥ ተደጋግሞ የተሰጠው ማስጠንቀቂያው ነውን? ወይስ ደጋግሞ ሳይፈጽም የቀረው ተቋራጩ ነው? «ሪፒትድሊ» በሁለት ግሶች መካከል ቆማ ወደ ሁለቱም ታያለች። ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰ እንደሆነ ጠበቆች በእርስዋ ይከራከራሉ። «ሁ ዎዝ ሪፒትድሊ ዎርንድ» ቢባል ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ ጠቅመው ካገኘኋቸው ደንቦች ሦስቱን ልጥቀስ።

አንደኛ፤ ተሳቢው እጅግ ካልረዘመ በቀር ተውሳከ ግሱ በግሱና በተሳቢው መካከል አይግባ። ደብዳቤውን በጥንቃቄ አነበበ ለማለት «ሂ ሬድ ዘ ሌተር ኬርፉሊ» ይባላል እንጂ «ሂ ሬድ ኬርፉሊ ዘ ሌተር» አይባልም። ከግሱ ቀጥሎ መስተዋድድ ያለበት ሐረግ ሲመጣ ግን በሩ ክፍት ነው፤ «ሂ ሉክድ ኬርፉሊ አት ዘ ሌተር» ቢባል መልካም ነው። መንገዱን የከፈተችው «አት» የምትባለው ትንሽ መስተዋድድ ናት።

ሁለተኛ፤ ሁኔታን፥ ሥፍራንና ጊዜን ባንድነት ስንናገር ቁጥሩን ከግሱ እንጀምር። «ትናንት በቢሮው በትጋት ሠራ» የሚለው በእንግሊዝኛ «ሂ ዎርክድ ሃርድ ኢን ዚ ኦፊስ የስተርደይ» ይሆናል። በሁለቱም ለግሱ ቅርብ የሆነው ሁኔታው ነው፤ ቀጥሎ ሥፍራው፥ በመጨረሻም ጊዜው ይመጣል። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለምናሳርፍ ወደ ኋላ እንቆጥራለን፤ እንግሊዞች ወደ ፊት ይቆጥራሉ። መደበኛው አካሄድ ይህ ስለሆነ፥ ተማሪው የሚያውቀውን መገልበጥ እንጂ ሁሉን እንደ አዲስ መማር አይኖርበትም።

ሦስተኛ፤ ከግሱ በፊትና ከግሱ በኋላ መቆም አንድ አይደለም። «ሂ ፉሊሽሊ አንሰርድ ዘ ኩዌስችን» ሲባል መልስ መስጠቱ ራሱ ሞኝነት ነበር ማለት ነው። «ሂ አንሰርድ ዘ ኩዌስችን ፉሊሽሊ» ሲባል ግን መልሱ የሞኝ መልስ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ነገር እንግሊዞች ራሳቸውም ተከራክረውበታል። በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆኑት ሮበርት ላውዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1762 ባሳተሙት የሰዋስው መጽሐፍ ተውሳከ ግስ ከሚገልጠው ቃል አጠገብ ይቁም ብለው አስተማሩ። ሔንሪ ፋውለር ግን በ1926 ባወጡት የቋንቋ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት፥ ሰው ሁሉ «ኦንሊ» የምትለውን ቃል ከግሱ በፊት ሲናገርና ነገሩም ግልጽ ሆኖ ሳለ መንቀፍ አይገባም ብለው ተከላከሉ። እኔ ለንግግር ከፋውለር ጋር፥ ለሰነድ ከላውዝ ጋር ነኝ። በንግግር ጊዜ ድምፃችን የቱን ቃል እንደምናጠብቅ ያሳያል፤ ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። የእኛ «ብቻ» እንኳ «ሰኞ ብቻ ፈረመ» እና «ደብዳቤውን ብቻ ፈረመ» ስንል ከወገኑ አይለይም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ያስተማሩን መምህር ደንቡን ከመንገራቸው አስቀድሞ ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብለን እንድናነብ ያደርጉን ነበር። ጆሮ ከደንብ ቀድሞ ይማራል። ዛሬም ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦች የምመክረው ይህንኑ ነው። ደብዳቤው ለፊርማ ከመቅረቡ በፊት አንድ ጊዜ በድምፅ ይነበብ፤ በየተውሳከ ግሱም ላይ ቆም ብለን «አንቺ የማን ነሽ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ሁለት የሆነ እንደሆነ ቃሏ ከሥፍራዋ ለቅቃለችና ወደ ወገኗ እንመልሳት። ይህ የሚፈጀው ደቂቃ ጥቂት ነው፤ አንድ ውል በሁለት መንገድ ሲተረጐም የሚፈጀው ግን ጊዜም፥ የመንግሥት ገንዘብም ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ