ጋሽ መንግሥቱ ወርቁ፦ ከ1954ቱ ጎል ወዲያ ያለው ታሪክ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እሑድ። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው። ያኔ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይጠራ የነበረው የአዲስ አበባ ስታዲየም አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደርሷል፤ ከኢትዮጵያ ፊት የቆመችው ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት። በሁለቱም ውድድሮች ኢትዮጵያን አግኝታ ሁለቱንም ጊዜ 4 ለ 0 ሸኝታታለች።

በ35ኛው ደቂቃ በደዊ አብደል ፈታሕ ለግብፅ አገባ። ከእረፍት መልስ ሰዓቱ እየነጎደ ሄዶ 74ኛው ደቂቃ ላይ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ጮሆ ሳይጨርስ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት፣ በደዊ ደገመ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ሁለት ለሁለት ባያደርግ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ተጨማሪ ሰዓት መጣ። በ101ኛው ደቂቃ የሉቻኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛዋን አስቆጠረ። ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ ገና ሃያዎቹ መግቢያ ላይ የነበረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አገባና የግብፅን ተስፋ ዘጋ። 4 ለ 2። ሉቻኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ይህን የማያውቅ የኳስ ወዳጅ አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ይቸግራል። ከዚያች ጎል ሃያ ዓመት በኋላ ያው ሰው አሰልጣኝ ሆነው የሠሩትን ግን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ገርጂ ወይም ሲኤምሲ ካሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች አንዱ ገብቶ አርሴናል ሳይሸነፍ ዋንጫ የበላበትን ዓመት አሰላለፍ የሚጠይቅ ሰው ከግብ ጠባቂው ጀምሮ እስከ ተቀያሪዎቹ ይቆጠርለታል። የ1974ቱን የኢትዮጵያ ቡድን ቢጠይቅ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል።

አስቀድሞ ስለ ተጫዋቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ በድምሩ 10 ጎል አለው። የካሜሩኑ ሳሙኤል ኤቶ በ18 ጎል የሚመራው ያ ሰንጠረዥ ሲታይ ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በ1954ቱ ውድድር የተሳተፉት አገሮች አራት ብቻ ነበሩ፤ ሻምፒዮን የሆነው ቡድን የተጫወተው ሁለት ጨዋታ ነው። መንግሥቱ በነዚያ ሁለት ጨዋታዎች ሦስት ጎል አግብቶ፣ ሁለቱን ቱኒዚያ 4 ለ 2 በተሸነፈችበት ግጥሚያ አንዱን በፍጻሜው፣ የኮከብ ጎል አግቢነቱን ከበደዊ ጋር ተጋራ። ዛሬ አንድ አጥቂ ለፍጻሜ ሲደርስ ሰባት ጨዋታ ያደርጋል። 10 ጎል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ማስላት ይቻላል።

ከሜዳ ወደ አሰልጣኝነት መሻገርን መንግሥቱ ሩቅ ሄዶ መማር አላስፈለገውም። የ1954ቱን ቡድን ያሰለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ ከሃያ ዓመት በላይ መለያውን ለብሰው ተጫውተውለታል፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል። የአገራችንን የመጀመሪያ የሸክላ ዘፈን ያስቀረጹት የባለቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ከአሰልጣኝነት በኋላ የአህጉሩ እግር ኳስ መሪ ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 እስኪሞቱ ድረስ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ የአፓርታይድን ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካና ከዓለም ሜዳ ለማራቅ ከታገሉት ዋነኛው ነበሩ። አምበሉ ሉቻኖም ኋላ አሰልጣኝ ሆኗል። የአሥመራው ልጅ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጥቶ ኑሮውን ጣሊያን አድርጎ እዚያው በ2015 ዓ.ም. መግቢያ አርፏል። ከአንድ ቡድን እንዲህ ያለ ትውልድ የወጣው በአጋጣሚ አይመስልም። ያኔ የአሰልጣኝነት ትምህርት ቤቱ ሜዳው ራሱ ነበርና።

እንግዲህ ወደ 1974 ዓ.ም. እንምጣ።

የአፍሪካ ዋንጫ ያን ዓመት ሊቢያ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ በማጣሪያ አልፋ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1970 ሱዳን ላይ ነው፤ በ1976ቱ የተገኘችው አዘጋጅ ስለነበረች ነው። ስለዚህ ጋሽ መንግሥቱ ቡድኑን ይዘው ሲያልፉ ማንም በነፃ የሰጣቸው ቦታ አልነበረም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ደግሞ አለ። የዚያን ጊዜው ውድድር የሚያስተናግደው ስምንት ቡድን ብቻ ነው። አንዱ ቦታ የአዘጋጇ የሊቢያ፣ ሌላው የቀድሞዋ ሻምፒዮን የናይጄሪያ ነው። ለተቀረው አፍሪካ የቀረው ስድስት ወንበር። በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስትመለስ ውድድሩ 16 ቡድን ነበረው፤ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ 24። የማለፍን ክብደት በወንበር ቁጥር ከለካነው የ1974ቱ ከሦስቱ ሁሉ ይከብዳል። ይህን የምለው የኋለኞቹን ለማሳነስ አይደለም፤ የፊተኛው ተገቢ ቦታው ስላልተሰጠው ነው።

ምድቡ ቤንጋዚ ላይ ነበር፤ ናይጄሪያ፣ ዛምቢያ፣ አልጄሪያ። የመጀመሪያው ጨዋታ በናይጄሪያ 3 ለ 0 ሽንፈት ተጠናቀቀ። ሁለተኛው በዛምቢያ 1 ለ 0። ሁለቱን ተሸንፎ ከምድብ መውደቁን ያረጋገጠ ቡድን ሦስተኛውን ጨዋታ ምን አድርጎ እንደሚጨርሰው ኳስ የተከታተለ ሰው ያውቃል፤ እግር ይደክማል፣ ልብ ቀድሞ አውሮፕላን ይሳፈራል። የጋሽ መንግሥቱ ልጆች ግን ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጡ። የተቆጠሩባቸውን ጎሎች በቅደም ተከተል ማየት ይበቃል፤ ሦስት፣ አንድ፣ ዜሮ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ጨዋታ በጨዋታ እየተሻሻለ የሄደ ቡድን ነው።

እውነቱን ለመናገር አልጄሪያ ሁለቱን አሸንፋ ማለፏን አረጋግጣ ነበር የገባችው፤ የእኛም ቡድን በሦስቱ ጨዋታ አንድም ጎል አላገባም። የአጥቂው አሰልጣኝ ቡድን ጎል ሳያይ መመለሱ ያስቆጫል። ቢሆንም ያቺ አልጄሪያ ማን እንደነበረች ይታወስ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ስፔን ሂሆን ከተማ ላይ፣ በማጀርና በቤሉሚ ጎሎች ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ያናወጠችው ይህችው ናት። በዚያ ውድድር የፍጻሜ ተፋላሚ የሆኑት ጀርመኖች ያልቻሏት አልጄሪያ ኢትዮጵያ ላይ ጎል ማግባት አልቻለችም።

ታዲያ ይህ እንዴት ተረሳ? አንዱ ምክንያት ጊዜው ይመስላል። መጋቢት 1974 የቀይ ኮከብ ወታደራዊ ዘመቻ ወሬ የጋዜጣውንም የሬዲዮውንም አፍ የያዘበት ወቅት ነው። ሌላው ድምፅ ነው። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የደምሴ ዳምጤ የሬዲዮ ዘገባ በየቤቱ ገብቶ ነበር፤ ያን ቀን ያልተወለደ ሰው ሳይቀር ድምፁን ያውቀዋል። ቤንጋዚ እንዲህ ያለ ተራኪ አላገኘችም። ዋንጫ ያልመጣበት፣ ጎል ያልተቆጠረበት፣ በአንድ ነጥብ የተመለሱበት ጉዞ ማን ይዘፍንለታል።

ያ አንድ ነጥብ ግን ኋላ ተመልሶ የሚመጣ ነገር ሆነ። ኢትዮጵያ እንደገና ለማለፍ 31 ዓመት ፈጀባት። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የያዙት ቡድን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ መጥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች ሱዳንን 2 ለ 0 ረትቶ አለፈ። ያን ቀን ማታ ከስታዲየም እስከ ቦሌ መድኃኔ ዓለም፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ መንገዱ በጥሩምባና በባንዲራ ተዘግቶ ያመሸበትን የከተማው ሰው አይረሳውም።

ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ተጋጣሚ ዛምቢያ ሆነች፤ የቤንጋዚዋ ዛምቢያ፣ አሁን የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆና። ምድቡ ውስጥ ናይጄሪያም ነበረች፤ ያችው የቤንጋዚዋ። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በ35ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድኑ በዐሥር ሰው፣ አንድ ለዜሮ እየተመራ ሳለ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ጎል ስታገባ እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀኑም ጥር 13 ነው፤ ልክ በ51ኛ ዓመቱ። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን በአንድ ነጥብ ተመለስን።

ከጋሽ መንግሥቱ ጀምሮ ሲቆጠር ቡድኑን ያሳለፉት ሦስተኛው አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ናቸው፤ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያስጨበጡት። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ከረቱ በኋላ ወደ ካሜሩኑ ውድድር አለፉ። እዚያም በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፈው፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር በጌታነህ ከበደ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 1 ወጡ። አሁንም አንድ ነጥብ።

ከ1974 ጀምሮ ባሉት ከአርባ በላይ ዓመታት ውስጥ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የሄደችው ሦስቴ ነው፤ ሦስቱንም ይዘዋት የሄዱት የአገር ልጆች ናቸው። በመካከሉ ከውጭ የመጡ አሰልጣኞች አልጠፉም። ሰውነት ቢሻው በ2006 ዓ.ም. ከተሰናበቱ በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተቀጥረው ዓመት ያህል ቆይተው ሄደዋል፤ ቡድኑ አላለፈም። የኢትዮጵያዊ አሰልጣኝ ዋጋ ውጭ አገር ሲታይ ደግሞ ሌላ ነው። አብርሃም መብራቱ በጦርነት የምትታመሰውን፣ በሜዳዋ መጫወት የማትችለውን የመንን ይዘው እ.ኤ.አ. በ2018 ለእስያ ዋንጫ አሳልፈዋታል። የተዋሐደችው የመን እዚያ ውድድር ስትደርስ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሜዳ አለመጫወት በ2014 ዓ.ም. የእኛም ዕጣ ሆኖ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ጨዋታው በወረቀት «የሜዳችን» ነበር፤ የተካሄደው ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። አገር ውስጥ ያሉት ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት አላሟሉም ተብለው ነው። ቦሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ 62 ሺህ ሰው እንዲይዝ ታስቦ የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ያን ቀን ያለቀ ቢሆን ኖሮ የሰሚትና የአያት ልጅ በእግሩ ሄዶ ያየው ነበር። የሚያስቆጨው ያ ነው። በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው የሚጫወቱት ልጆች ያን የብሔራዊ ቡድናቸውን የሜዳ ጨዋታ ያዩት በቴሌቪዥን ነው፤ ጋሽ መንግሥቱንም ስማቸውን ከሰሙ ከአባት ወይም ከአያት አፍ ነው።

ጋሽ መንግሥቱ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አርፈዋል። ከ31 ዓመት በኋላ የመጣውን ማለፍ ሳያዩ፣ ሁለት ዓመት እንኳ የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው። ስታዲየሙ ሲያልቅ አንዱ ትሪቡን በስማቸው ቢጠራ፣ በሩ ላይም ከፍጻሜዋ ጎል ጎን ቤንጋዚ የሚል ቢጻፍ ይገባቸዋል ባይ ነኝ።

ከዚያ በፊት ግን የሚሰበሰብ ነገር አለ። የ1974ቱ ቡድን አባላት በየሰፈሩ ያሉ፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይህን ቻናል የሚያነቡ ይመስለኛል። የቡድኑ ፎቶ፣ የዚያን ሰሞን ጋዜጣ ቁራጭ፣ የሬዲዮ ካሴት፣ መለያ ያላችሁ በስልካችሁ አንሥታችሁ እዚሁ ላኩት። አሰላለፉን ከነቁጥሩ ለሦስቱም ጨዋታዎች መልሰን ማቆም ከቻልን ሙሉውን በዚሁ ቻናል ይወጣል።