ላውንጅ፦ ከክፍል ውጭ ያለው ክፍል

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአየር ጤና እስከ አጣና ተራ ባሉት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ የእረፍት ደወል ሲደወል መምህሩና ተማሪው መንገዳቸው ይለያያል። መምህሩ የጠመኔ ብናኝ ከእጁ እያራገፈ ወደ ስታፍ ክፍል ወይም ወደ ሻይ ክበብ ያመራል። ተማሪው በዛፍ ጥላ፣ በደረጃ ላይና በአጥር ጥግ ይበተናል።

ለእረፍትና ለጨዋታ የተለየ ክፍል ማበጀት የቆየ ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርዱ ሜርተን ኮሌጅ በ1661 እ.ኤ.አ. ለመምህራኑ የጋራ ማረፊያ ክፍል አዘጋጅቶ ነበር።

በእኛ ትምህርት ቤቶች ያለው የመምህራን ክበብ ወይም ላውንጅ ብዙ ጊዜ ጥቂት ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር፣ ሻይና ዳቦ ነው። ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። አዲስ የተመደበ መምህር የትኛው ክፍል እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይቀምስ እንደሚመጣ የሚሰማው እዚህ ሻይ ሲጠጣ ነው። እቁብ የሚጣለው፣ ለታመመ ባልደረባ የሚዋጣው፣ ለቅሶ ለመድረስ ቀጠሮ የሚያዘውም እዚሁ ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ላውንጅ የተማሪውም ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግብ አገልግሎቱን በዓይነት ወይም በገንዘብ የመውሰድ ምርጫ አለው። ገንዘቡን የመረጠው «ነን ካፌ» ይባላል፤ ላውንጅ ውስጥ ፍርፍር ወይም እንቁላል ሳንድዊች አዝዞ ከጓደኞቹ ጋር ይቋደሳል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ባለበት ምሽት ዲኤስቲቪ ያለበት ክፍል ጢም ይላል። በክፍል ተገናኝተው የማያውቁት ፍሬሽ (አዲስ ገቢ) እና ጂሲ (ተመራቂ)፣ ከጎንደርና ከጅማ የመጡ ልጆች፣ በአንድ ጎል አብረው ይጮኻሉ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወደ ላውንጅ የሚቀርብ ነገር ቢኖረው ሚኒ ሚዲያው ነው። ከአንዲት ጠባብ ክፍል አንዱ ተማሪ በደብተር ቅዳጅ ላይ የጻፈውን ግጥም በማይክ ያነባል፤ ሌላው ዜናና ማስታወቂያ ያሰማል፤ ድምፁ በግቢው ሁሉ ይዳረሳል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ድምፅ እንጂ መቀመጫ አይሆንም። ክረምቱ ሲገባ የዛፍ ጥላም ዋጋ የለውም። የሚከፈልበት ሻይ ቤት ደግሞ ኪሱ ባዶ የሆነውን ልጅ ደጅ ያስቀረዋል።

ስለዚህ ለርእሳነ መምህራንና ለወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አባላት አንድ ጥያቄ አለኝ። ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ስታወጡ ለተማሪ ማረፊያ የሚሆን ቦታ አስቡ። ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የቼዝ ገበታና የሚጠጣ ውኃ ለመነሻ ይበቃሉ። መግቢያው ግን ያለ ክፍያ ይሁን፤ ብቻውን የሚቆም ልጅ ጓደኛ የሚያገኘው አብሮ የሚቀመጥበት ቦታ ሲኖረው ነው።