የአይሮፕላን ቲኬት በኢንተርኔት ለመሸጥ ሲታቀድ

አንድ አየር መንገድ የቲኬት ሽያጩን ለማደስ በተነሣ ጊዜ በመጀመሪያ የሚወራው ስለ መልክ ነው። ገጹ ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው፤ ፎቶግራፉ የቱ ይሁን፤ በእጅ ስልክ ላይ እንዴት ይታይ እየተባለ ብዙ ስብሰባ ይደረጋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ለማስረዳት የምንፈልገው መልኩ የመጨረሻው ነገር መሆኑን ነው። ቲኬት መሸጥ ማለት ለአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ አይሮፕላን ላይ ወንበር እንደሚጠብቀው ቃል መስጠት ማለት ነው። ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀምረው ቃሉ ከሚጻፍበት መዝገብ፣ ቃሉ ከሚሰጠው ሰው ስምና ከሚሄድበት ቀን ነው። የምህንድስና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን «ይህ የእናንተ ሥራ አይደለም» ይሉን ይሆናል፤ ነገር ግን ወደ ታች እንደሚታየው የችግሩ ግማሽ የስምና የዘመን አቈጣጠር ጉዳይ ስለ ሆነ እኛም የምንለው አለን።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ ማየት ይጠቅማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የአየር ተጓዡ ቍጥር በበዛ ጊዜ ወንበር የሚያዘው በካርድና በስልክ ነበር። ጸሐፊዎች የሚሽከረከር የካርድ መደርደሪያ ከበው ይቀመጣሉ፤ ስልክ ሲደወል ካርዱን ያወጣሉ፣ ምልክት ያደርጋሉ፣ ይመልሳሉ። አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ኩባንያ በ1946 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ ሪዘርቪዘር የሚባል መሣሪያ ሞከረ። መሣሪያው የቀረውን ወንበር ይቈጥራል፤ የተጓዡን ስም ግን አያውቅም፤ ስሙ ለብቻው በካርድ ላይ ይጻፋል። እንግዲህ ወንበሩ በአንድ መዝገብ፣ ሰውዬው በሌላ መዝገብ ሲቀመጥ ምን እንደሚከተል መገመት ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ወንበር የሌለው ሰው፣ ሌላ ቀን ሰው የሌለው ወንበር ይገኛል።

በ1953 እ.ኤ.አ. የዚሁ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ በሚበር አይሮፕላን ላይ ብሌር ስሚዝ ከሚባል የአይ ቢ ኤም ሻጭ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ። የቤተሰብ ስማቸው አንድ ሆኖ በመገኘቱ ወሬ ጀመሩ፤ ከወሬውም ሴበር የተባለው የወንበር መያዣ ሥርዓት ተወለደ። በ1960 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ብራያርክሊፍ ማነር በምትባል ቦታ በሁለት አይ ቢ ኤም 7090 ኮምፒውተሮች ሥራ ተጀመረ፤ በ1964 ኩባንያው የወንበር መያዝ ሥራውን ሁሉ ለሴበር አስረከበ። የሴበር ትልቁ ቁም ነገር ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም፤ የተጓዡን ስምና ወንበሩን በአንድ መዝገብ አያይዞ ማስቀመጡ ነው። ዛሬ በስልካችን ቲኬት ስንገዛ የሚሰጠን ስድስት ፊደልና ቍጥር ያለው ምስጢራዊ የሚመስል ምልክት የዚያ መዝገብ መጥሪያ ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

መዝገቡን የያዘ ሰው ግን ገበያውንም መያዝ ይቃጣዋል። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴበር በቲኬት ወኪሎች ቢሮ ውስጥ ሲተከል የባለቤቱ የኩባንያው በረራዎች በመስኮቱ ላይ ከፍ ብለው፣ የተወዳዳሪዎቹ ዝቅ ብለው መታየት ጀመሩ። ወኪሉም ሥራ የበዛበት ሰው ነውና ከላይ ያየውን ይሸጣል። በ1984 የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ቦርድ ይህን አድልዎ በደንብ ከለከለ። ነገሩን የጠቀስነው «የትኛው በረራ ቀድሞ ይታይ» የሚለው ጥያቄ የቀለም ጥያቄ እንዳይመስል ነው።

አሁን ወደ ሥራው አካሄድ እንለፍ። በረራ የሚፈልገው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው። የሚመለከተው ሁሉ ዋናውን መዝገብ ቢያስገልጥ መዝገቡ ስለሚጨናነቅ፣ ዐቃጆች ለተመልካቹ ግልባጭ ያዘጋጃሉ። ግልባጭ ግን አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት የተሸጠ ወንበር እንዳለ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ገንዘብ ከመወሰዱ በፊት ዋናው መዝገብ እንደ ገና መጠየቅ አለበት፤ ዋጋውም ተለውጦ ከሆነ ለገዢው ነግሮ ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል፤ ዝም ብሎ ጨምሮ መውሰድ ንግድ አይባልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ወንበሩን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ማቈየት ነው። በገበያ ያልተሸጠ ጤፍ ለነገ ይቀመጣል፤ አይሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ግን ባዶ ወንበር ለማንም አይሸጥም። ስለዚህ አየር መንገዱ ወንበሩ ሳይከፈልበት ለረዥም ጊዜ እንዲያዝ አይወድም። በሌላ በኩል ደግሞ ገዢው ሁሉ በኪሱ የውጭ አገር ባንክ ካርድ የያዘ አይደለም። በአገራችን በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ በስልክ መክፈል ብዙ ቀሏል፤ ቢሆንም በባንክ ቤት ተሰልፎ ገንዘቡን በመስኮት የሚያስገባ ሰው አሁንም አለ። ወንበሩ ለሃያ ደቂቃ ብቻ የሚያዝ ከሆነ ይህ ሰው ሰልፉ ላይ እንዳለ ወንበሩ ከእጁ ይወጣል። ዕቅዱ በየአከፋፈሉ ዓይነት የተለያየ ቀነ ገደብ ሊኖረው ይገባል፤ ገደቡም በግልጽ፣ በሚገባ ሰዓት ተጽፎ ለገዢው መነገር አለበት። የሰዓቱን ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የገንዘቡ ደቂቃ ነው። ወንበሩ በአየር መንገዱ መዝገብ፣ ገንዘቡ በባንኩ መዝገብ አለ፤ ሁለቱ የተለያዩ ቤቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መስመር ደግሞ ይቈረጣል። ገዢው «ክፈል» የሚለውን ተጫነ እንበል፤ ኔትወርኩ ጠፋ፤ መልስ አልመጣም። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ሰው ነውና እንደ ገና ይጫናል። ዐቃጁ ይህን አስቀድሞ ካላሰበ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ ወይም ገንዘቡ ተቈርጦ ቲኬት ሳይወጣ ይቀራል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ለእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ገና ሲነሣ አንድ ቍጥር ይሰጠዋል። በዚያው ቍጥር ሁለተኛ ጥያቄ ሲመጣ ባንኩ አዲስ ገንዘብ አይወስድም፤ የፊተኛውን መልስ ይደግማል እንጂ። መልስ ያልተገኘለት ክፍያ ደግሞ «አልተከፈለም» ተብሎ እንዳይጣል፣ «ያልታወቀ» ተብሎ ተለይቶ ይቀመጥና ሁለቱ መዝገቦች እስኪነጻጸሩ ድረስ ወንበሩ ይጠበቃል። ይህን አንዲት ሦስተኛ ቃል፣ «ያልታወቀ» የምትለዋን፣ ያልጻፈ ዕቅድ ገዢውን ከባንክ ወደ አየር መንገድ፣ ከአየር መንገድ ወደ ባንክ ሲያመላልሰው ይኖራል።

ክፍያው ከተረጋገጠ በኋላ አሥራ ሦስት ቍጥር ያለው ቲኬት ይወጣል፤ የፊተኞቹ ሦስት ቍጥሮች የኩባንያው መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ከሰኔ 1 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወረቀቱን ቲኬት ስለ ሻረ ዛሬ ቲኬት ማለት መዝገቡ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ነው፤ በእጃችን የምንይዘው ወረቀት ማስታወሻ ብቻ ነው። ከወንበሩ ቍጥር በላይ የመሸጥ ልማድም አለ፤ ሳይመጣ የሚቀር ሰው ስለሚኖር ነው። ሂሳቡ ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ ባልገጠመ ቀን ግን የሚቀረው ተጓዥ ምን እንደሚደረግለት ከመሸጡ በፊት ተጽፎ መገኘት አለበት።

አሁን እኛን በጣም ወደሚነካን ነገር ደረስን፤ ይኸውም ስም ነው። ሁለቱ ስሚዞች ሳይዛመዱ በአንድ የቤተሰብ ስም ተገናኙ ብለናል። በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የአንድ ቤት ሰዎች በመዝገብ ላይ የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ ልጅም የሚጠራው በአባቱ ስም ነው እንጂ በእናቱ አይደለም። የቤተሰብ ስም የሚጠይቀው ሣጥን ሲመጣ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል። በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ ደግሞ የሚፋጠጠው ከኮምፒውተሩ ጋር አይደለም፤ በአይሮፕላን ጣቢያ ከቆመ ሠራተኛ ጋር ነው። እንደ ገብረ ማርያምና ወልደ ሥላሴ ያሉት ስሞች ለእኛ አንድ ስም ናቸው፤ ለሣጥኑ ግን ሁለት ናቸው፤ ገብረ በአንድ ሣጥን፣ ማርያም በሌላው ይቀራል። ፀሐይ የምትባል ሴት ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጀምርላታል። ቲኬት ላይ ስም እስከ ዛሬ በላቲን ትልልቅ ፊደል ብቻ የሚጻፍ ስለ ሆነ ይህን ችግር በአንድ ቀን ማጥፋት አይቻልም። ነገር ግን ገጹ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የፓስፖርት ሥዕል አሳይቶ «እዚህ ላይ የተጻፈውን እንዳለ ጻፍ» ቢል፣ የሦስቱን ስሞች ቦታ ቢያመለክት፣ የአንድ ፊደል ስሕተትም ያለ ቅጣት የሚታረምበትን መንገድ ቢያዘጋጅ ብዙ ሰው ይድናል።

ቀኑም እንደ ስሙ ነው። የአየር መንገድ ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው፤ የእኛ ቀን ግን በንጋት ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ደግሞ በሌሊት ይነሣሉ። ቲኬቱ «ማክሰኞ 00፡30» ሲል ለእኛ ሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ይህን ማክሰኞ ማታ ብሎ የተረዳ ሰው ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። «10፡00» የሚለውን ዐሥር ሰዓት ብሎ ያነበበም ስድስት ሰዓት ይዘገያል። የአማርኛው ገጽ የእንግሊዝኛው ትርጕም ብቻ ከሆነ ይህን ስሕተት አያድንም፤ «ሰኞ ሌሊት፣ ለማክሰኞ አጥቢያ 6፡30፤ አይሮፕላን ጣቢያ የምትደርሱት ሰኞ ማታ» ብሎ እንደ አገሬው አነጋገር መጻፍ አለበት። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በእኛ አቈጣጠር የተጻፈ ዓመት እንዳለ ከገባ ሕፃኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል፤ ከሁለት ዓመት በታች ሆኖ በእናቱ ጭን የሚሄደው ልጅ የራሱ ወንበር እንዲገዛ ይጠየቃል። በጳጉሜን የተወለደ ሰውማ ከአሥራ ሁለት ወር ዝርዝር ውስጥ የራሱን ወር ቢፈልግ አያገኝም። ሁለቱን አቈጣጠሮች ጎን ለጎን አሳይቶ እርስ በርሳቸው እንዲመልሳቸው ማድረግ ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው፤ ችግሩ ማሰቡ ላይ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ገጹን የሚሠሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ገዢው ራሱ ተጓዥ እንደ ሆነ አድርገው ነው። ነገር ግን በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የምትሠራ ልጅ በደሴ ላሉት እናቷ ቲኬት ስትገዛ፣ ከፋይዋ ሌላ፣ ተጓዧ ሌላ ናቸው። የበረራው ሰዓት ቢለወጥ መልእክቱ የሚላከው ወደ ልጅቱ ስልክ ነው፤ እሷ ዋሽንግተን ተኝታለች፤ እናቲቱ ደግሞ ከደሴ ለመነሣት ዕቃቸውን እያሰሩ ነው። ዕቅዱ ሁለት የስልክ ቍጥር፣ ሁለት ቋንቋ ሊቀበል ይገባዋል፤ ለተጓዧ በአማርኛ አጭር መልእክት፣ ለከፋይዋ በፈለገችው። የከፋዩን ካርድ አይሮፕላን ጣቢያ ላይ እንይ የሚል ደንብ ያለው ኩባንያ ካለ ደግሞ ለዚህ ቤተሰብ በሩን ዘጋ ማለት ነው፤ ካርዱ ባሕር ማዶ ነውና።

የቲኬት ቢሮው መስኮት ይዘጋ የሚሉም አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በኢንተርኔት የሚገዛው ሰው በበዛ መጠን ወደ መስኮቱ የሚመጣው ጉዳይ ያነሰ ግን የከበደ ይሆናል፤ ስሙ የተሳሳተ፣ ገንዘቡ «ያልታወቀ» ላይ የቆመ፣ ማንበብ የማይችል፣ በረራው ያለፈው። የመስኮቱ ሠራተኛ ገዢው የሚያየውን መዝገብ ራሱን ማየትና ማረም ካልቻለች፣ «ሲስተሙ አይፈቅድም» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አይኖራትም።

በመጨረሻ የመሸጋገሪያው ሌሊት አለ። አየር መንገድ ቲኬት የሚሸጠው ከአሥር ወር በላይ አስቀድሞ ስለ ሆነ አዲሱ ሥርዓት ባዶ መዝገብ ይዞ አይነሣም፤ አሮጌው የሰጠውን ቃል ሁሉ ይወርሳል። እያንዳንዱ ስም፣ እያንዳንዱ ወንበር፣ እያንዳንዱ የተከፈለ ገንዘብ ተሻግሮ ከአሮጌው ጋር መመሳከር አለበት። ሴበርም ከ1960 እስከ 1964 ድረስ አራት ዓመት የፈጀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀኑ ሲመረጥም በውጭ አገር ያለው ወገናችን ወደ አገሩ ከሚጎርፍባቸው ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ ሰሞን መራቅ ያስፈልጋል፤ በየከተማው ባሉት ቢሮዎችም ለጥቂት ቀን የተሳፋሪዎቹ ስም ዝርዝር በወረቀት ታትሞ ይቀመጥ።