ያውቁ ኖሯል? ዘጠኝ ዓመት የማይነካው ዛፍ
የወይን ጠጅ ጠርሙስ የሚከደንበት ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው። ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከፖርቱጋል ሲሆን፣ ዛፉ ሳይቆረጥ ቅርፊቱ ብቻ በመጥረቢያ ይላጣል። ስለቱ ጠልቆ የውስጡን ሕያው ልጥ ከነካ ዛፉ ስለሚጎዳ ሥራው ለጀማሪ አይሰጥም። በተላጠው ቀላ ያለ ግንድ ላይ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ በቀለም ይጻፋል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የተላጠው «4» ተጽፎበት እስከ 2033 ይከርማል፤ የፖርቱጋል ሕግ ቢያንስ 9 ዓመት ይላልና። ለጠርሙስ የሚሆን ጥሩ ቡሽ የሚገኘው ደግሞ ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ፣ ዛፉ 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ለልጅ ልጅ መትከል ይሏል ይሄ ነው! ዛሬ ድርቅ፣ ሰደድ እሳትና ሥር አበስባሽ በሽታ የሜዲትራኒያንን የቡሽ ደኖች እያመናመኗቸው ነው። የብረትና የፕላስቲክ ክዳን መስፋፋትም አልበጀም፤ ቡሹ ገበያ ካጣ ባለመሬቱ ደኑን ለምን ይጠብቃል?