ከዋሽንግተን እስከ ጀጎል፦ የጉዞው ተረትና እውነታ

ከአሜሪካ እንግዳ ሲመጣ ሐረር ያለው ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ይገባል?» ብሎ ነው። ትክክለኛውን መልስ ማወቅ ለተጓዡም ለተቀባዩም እረፍት ነው። ይህን መልስ የሚያዛቡት አራት ግምቶች እነሆ።

ተረት፦ በሐምሌ ረፋዱ 5 ሰዓት ከዋሽንግተን ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት አዲስ አበባ የገባ ሰው 20 ሰዓት በሯል።

እውነታ፦ ሁለቱ ሰዓቶች የአንድ አገር አይደሉም። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን 7 ሰዓት ትቀድማለች፤ በቀሪው ጊዜ 8 ሰዓት። በሐምሌ ስለሆነ 7 ሲቀነስ በረራው 13 ሰዓት ነው። የአየር ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ተረት፦ መመለሻውም ያንኑ ያህል ይፈጃል።

እውነታ፦ መመለሻው ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ በመሆኑ የክንፉም የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ ከነሙሉ ጭነት መነሳት ያስቸግራል። ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላበት ጊዜ አለ። በከፍታው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስም ሲመጡ ይገፋል፣ ሲመለሱ ይጋፈጣል።

ተረት፦ ከቦሌ ተነስቶ ሐረር ይታረፋል።

እውነታ፦ ሐረር የመደበኛ መንገደኞች በረራ የሚያርፍባት ከተማ አይደለችም፤ የሚታረፈው ድሬዳዋ ነው። ከዚያ በደንገጎ ዳገት፣ በሐሮማያና በአወዳይ አድርጎ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይወጣል። ድሬዳዋ 1,200፣ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። የጅቡቲው ባቡርም በዘመኑ ይህን ተራራ መውጣት ውድ ስለሆነበት ሐረርን ትቶ ቆላውን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ የደረሰበት ሥፍራ ድሬዳዋን ወለደ።

ተረት፦ ከአዲስ አበባ ሐረር በአየር አንድ ሰዓት ነው።

እውነታ፦ አንድ ሰዓቱ የድሬዳዋው በረራ ብቻ ነው። የመኪናው መንገድ በጭሮ ተራሮች እየተጠማዘዘ እስከ ሐረር 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ፣ አውሮፕላኑ ድሬዳዋ ለመድረስ የሚያቋርጠው ቀጥታ ርቀት 340 ያህል ነው። ጉዞው ግን ከቤት እስከ ቤት የሚቆጠር ነው፦ የፓስፖርት ሰልፉ፣ ሻንጣው፣ ቀጣዩን በረራ መጠበቁ፣ ከድሬዳዋ በኋላ ያለው ዳገት። ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ያረፈ እንግዳ ሐረር ለቁርስ አይደርስም፤ ለምሳ የሚደርሰውም ቀጣዩ በረራው ከቀናው ነው።

ስለዚህ ተቀባይ ቤተሰብ ሊጠይቅ የሚገባው ድሬዳዋ የሚያርፍበትን ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ 11:00 ቢል በእኛ አቆጣጠር ረፋዱ 5 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ለሻንጣውና ለደንገጎ መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ይጨመርበት።